የሽመላዋ ቄጠማ

መስከረም ሃያ አንድ የጽዋ ማኅበራችን ተራ በእኔ ቤት ነበር። እኅቶቼ ገብተው ሲቀመጡ ወለሉን አዩ። ቄጠማ አልተጎዘጎዘም፤ በመስከረም፣ ያውም በማርያም ቀን። ማንም ደፍሮ አልጠየቀኝም። ሲወጡ ግን እትዬ የሺ ከበሩ መለስ ብለው፣ «ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ።

«ረጅም ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ጻፊው። አባትሽ መሪጌታ ፊደል ያስቆጠሩሽ ለመቼ ነው?»

ስለዚህ ጻፍኩት። ከደብረ ብርሃን ወጥተው ልጄ ወደምትኖርበት አገር ለማይሄዱ እኅቶቼ ነው።

ልጄ ጽጌ የዱር አራዊት ሠራተኛ ሆና ከቴፒ ወደ ማሻ በሚወስደው መንገድ በኩል ወፍ እንድትጠብቅ ከተመደበች ሁለት ዓመት አልፏታል። የምትጠብቀው አንድ ጨፌ ነው፤ ውሃ የሚተኛበት፣ ቄጠማ የሞላበት ሜዳ። ዘንድሮም ለእንቁጣጣሽ እንደማትመጣ ጻፈችልኝ። «ሽመላዎቼ እንቁላል ታቅፈዋል፤ ትቻቸው አልመጣም» ትላለች። አባቷ ካረፈ ወዲህ ያለን ሁለታችን ብቻ ነን። አምና አውደ ዓመትን ለየብቻ አሳለፍን፤ ዘንድሮን ግን አልቻልኩም። መምጣቴን ለጽጌ ጽፌላት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ። በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ በቆርቆሮ ቅቤና አንድ የሱፍ ባና ይዤ ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ ተነሣሁ። ያን ቀን አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ቤት አደርኩ።

ነሐሴ 30

ሳይነጋ አውቶቡስ ተራ ደረስን። ረዳቱ ዕቃዬን ከራሳችን በላይ ካለው መደርደሪያ ሰቀለው። ከከተማው ወጣ እንዳልን ኬላ ላይ አስወረዱን። ወታደሩ የበሶ ቋጠሮዬን ፈትቶ በጣቱ ነካ አደረገው።

«ይሄ ምን ዱቄት ነው?»

«በሶ ነው ልጄ፤ ቅመሰው።»

ቀመሰው። ደግሞ ቀመሰው። «የየት አገር ገብስ ነው?»

«የደብረ ብርሃን።»

«የእናቴ አገር» አለ። አንድ እፍኝ ሰጠሁት፤ ቋጠሮውን እኔ ካሰርኩት አሳምሮ አሰረልኝ።

ጊቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ሌላ ነው። በእኛ አገር ቅቤ በነሐሴ እንደ ድንጋይ ነው፤ በቢላዋ ነው የሚቆረጠው። እኔም በዚያ ልማድ ክዳኑን ላላ አድርጌ ኖሮ ቀለጠ፤ ከፊቴ በተቀመጠ ሰው ራስ ላይ ተንጠባጠበ። ሰውዬው መምህር ታደሰ ይባላሉ፤ ሚዛን ተፈሪ ያስተምራሉ። እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደው አዩትና ዞር አሉ።

«እማማ፣ ሙሽራ አደረጉኝ» አሉ።

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲያ ዕቃዬን ማንም እንዲይዝልኝ አልፈቀዱም። ጅማ ስንደርስ አልጋ ፈልገው ያስያዙኝም እሳቸው ናቸው።

ጳጉሜ 1 እና 2

ከጅማ ወዲያ ደን ነው። እንዴት ልንገራችሁ። በእኛ አገር ጥድ የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነው፤ ከዚያ ውጪ ባሕር ዛፍ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ንፋስ ነው። እዚያ አገሩ ሁሉ ቅጽር ይመስላል። ጫማ ማውለቅ ያለብኝ መሰለኝ።

ቦንጋ ሳንደርስ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ገባ። ወንዶቹ ወርደው ገፉ፣ ሴቶቹም ገፋን፣ ጎማው ይበልጥ ሰጠመ። ከደኑ ውስጥ ሰዎች ሳይጠሩ መጡ። ቅርንጫፍ ቆርጠው ከጎማው ሥር አነጠፉና በአንድ ጊዜ አወጡት። አንዲት ሴት የተጠበሰ በቆሎና ማር በቅጠል አድርጋ ለየሰዉ ሰጠች። ዋጋውን ብንጠይቃት በቋንቋዋ አንድ ነገር ተናግራ ሳቀች። መምህር ታደሰ፣ «መንገደኛ አይሸጥለትም ነው የምትለው» አሉኝ። ቦንጋ አድረን በማግሥቱ ሚዛን ተፈሪ ገባን።

እዚያ የመምህሩ አከራይ ወይዘሮ ዘይነባ ተቀበሉኝ። ከጉራጌ አገር መጥተው ሱቅ የከፈቱ እስላም ናቸው። የተለየ ማንቆርቆሪያ ጥደው፣ የተለየ ሰሐን አጥበው እኔ የያዝኩትን በሶ አበጁልኝ። ለራሳቸው ደግሞ የቡና ቅጠል በዝንጅብልና በሚጥሚጣ አፍልተው ጠጡ፤ እኔም ቀመስኩት፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በእኛ ቤት ቡና በሲኒ ተለክቶ ይገዛል። እዚያ ፍሬው አልበቃ ብሎ ቅጠሉም ይጠጣል።

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል ነው። በእኛ አገር ልጆች ይዘን ከደጅ ቆመን ሰማይ ሰማይ የምናይበት ቀን ነው፤ አንዳንድ ዓመት አንዲት ጠብታ አትወርድም። ሚዛን ላይ ገና ስነቃ ቆርቆሮው ይጮኻል። ወይዘሮ ዘይነባ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ትልቅ ሳፋ ደቅነው ጠበቁኝ።

«የእናንተ ቀን እንደሆነ አውቃለሁ» አሉኝ። «ይጠመቁ። ዝናቡ የሁላችንም ነው።»

በነጠላዬ ወጥቼ ቆምኩ። የሰፈሩ ልጆችም እየዘለሉ መጡ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ከልጅነቴ ወዲህ እንዲያ የበረታ የሩፋኤል ዝናብ አላየሁም።

ከቀትር በኋላ በዘመዳቸው የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ አስቀምጠው ወደ ቴፒ ሸኙኝ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ከትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ቡናው አረንጓዴ ፍሬ ተሸክሟል። ቴፒ ይሞቃል። ጽጌን መኪናው ከሚቆምበት ቆማ አየኋት፤ ጠቁራለች፣ ፊቷ በርቷል። ያመጣሁትን ባና ስታይ በሳቅ ወደቀች።

«እማዬ፣ በዚህ ሙቀት ባና?»

«ዝም በይ» አልኳት።

ጳጉሜ 4

በመኪና ወደ ላይ ወጣን፤ ከዚያ በበቅሎ ሁለት ሰዓት ያህል ተጓዝን። ብርዱ እየመጣ ሄደ። ባናውን ማን እንደለበሰው አልናገርም።

ጨፌው ከኮረብታው ሥር ተኝቷል። ጽጌ አቅራቢ መነጽሯን ሰጠችኝ። ሁለት ሽመላዎች ነበሩ። አካላቸው ጥቁር፣ ክንፋቸው ነጭ፣ ጉንጫቸው ቀላ ያለ ነው። ራሳቸው ላይ እንደ ደረሰ የገብስ ዘለላ ወርቅ የመሰለ ነገር ደፍተዋል። አንደኛው ጎንበስ ቀና አለ፣ ክንፉን ዘርግቶ ዘለለ፣ ሌላዋም መለሰችለት። ደብተራዎች በጥምቀት ሲያሸበሽቡ ያየ ሰው ያን አይቷል።

«ጎጆዋስ?» አልኩ።

«እዚያ» ብላ ከጨፌው መካከል ወደ ቆመች አንዲት ዛፍ በኩል ጠቆመች። ዛፏን አየሁ፤ ቅርንጫፏ ላይ ጥቁር ነገር አለ። ጎጆው እሱ ነው አልኩ በልቤ። በእኛ አገር ሽመላ የምትሠራው ደብሩ ጥድ ላይ ነው።

ቤት ስንደርስ አከራይዋ ወይዘሮ አበበች በር ላይ ጠበቁን። የዚያው አገር ተወላጅ ናቸው። «አማርኛ ሲያልቅብኝ በእጅ እጨምራለሁ» አሉኝና አቀፉኝ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ወልዴም እንግዳ መጣች ሲባል ሰምተው መጡ። ተቀምጠው ጽጌን ጠየቋት።

«ወፎችሽ እንዴት ናቸው?»

«ታቅፈዋል። በሦስት በአራት ቀን ይፈለፈላሉ።»

«አምናም ታቅፈው ነበር።»

«አምና እንቁላሉ ተረገጠ።»

«ማን ረገጠው?»

አበበች ፊታቸውን ወደ እሳቱ አዞሩ።

ጓድ ወልዴ ወደ እኔ ዞሩ። «እማማ፣ እኔ የወፍ ጠላት አይደለሁም። መሬት የሌለው አዲስ ጎጆ ወጪ ሞልቶብኛል። ይሄን ውሃ በቦይ ብናጠነፍፈው በቆሎ ያበቅላል። ልጅዎ ‹ይህች ወፍ ከአገር እየጠፋች ነው፣ የምትፈለፍለው እዚህ ነው› ብላ ለመነችን፤ ጠበቅን። ጫጩት ግን አላየንም። ዘንድሮ ጫጩት በዓይኔ ካየሁ ጨፌውን እንተወዋለን። ካላየሁ የመስቀል ማግሥት ቦይ ይቆፈራል። ማኅበሩ ወስኗል።»

«ተስማምቻለሁ» አለች ጽጌ። ድምፅዋ ቀጠነ። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ አባቷ ሲታመም የነበራት ድምፅ ነው።

ከሄዱ በኋላ ቤቷን ዞሬ አየሁ። ንጹሕ ነው። «ቄጠማው መቼ ይመጣል?» አልኳት።

«ዘንድሮ ቄጠማ የለም እማዬ። የእንሰት ቅጠል እናነጥፋለን።»

ደክሟታል፤ ምክንያቱን አልጠየቅኋትም። በልቤ ግን፣ ልጄ ብቻዋን ኖራ አውደ ዓመት ረሳች አልኩ።

ጳጉሜ 5

ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ፣ ዳዊቴን ደገምኩ። ጽጌ ተኝታለች። ስትነቃ ደስ ይበላት ብዬ ከአበበች ግድግዳ ማጭድ አወረድኩና ወደ ጨፌው ወረድኩ።

እንዲያ ያለ ቄጠማ አይቼ አላውቅም። በእኛ አገር በጥቂቱ በጥቂቱ ከወንዝ ዳር ተለቅሞ ገበያ የሚወጣው እዚያ እስከ ደረት ይደርሳል፤ ሽታውም ይጣፍጣል። ከዳር ያለው አጭር መሰለኝና ገባሁ። ጥሩ የሆነው ትንሽ ወዲያ ነው እያልኩ፣ ደግሞ ትንሽ ወዲያ። ሽመላዋን አስቤአታለሁ፤ እሷ ከዛፏ ላይ ናት ብዬ ድምፅ ሳላሰማ ነው የማጭደው። ሁለት ትልልቅ ነዶ አሰርኩ።

ሦስተኛውን ስጀምር ከፊቴ፣ አምስት እርምጃ ከማይሞላ ቦታ፣ ውሃው ራሱ የተነሣ መሰለኝ። ነጭ ክንፍ ፊቴን ሸፈነው። ጮኸች፣ ድምፅዋ እንደ መለከት ነው፣ በራሴ ላይ አልፋ ሄደች። ከተነሣችበት ዝቅ ያለ የቄጠማ ክምር ላይ ሁለት እንቁላል ተቀምጧል። ወደ ዛፏ ቀና አልኩ። ጥቁሩ ነገር የንብ ቀፎ ነው።

ነዶውን ጣልኩ፣ ማጭዱን ብቻ ይዤ ሮጥኩ። አንዱ ኮንጎ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ከዳር ስወጣ አበበች እንስራ ይዘው ቆመዋል። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና መጀመሪያ ሳቁ።

«የጽጌ እናት፣ ልጅሽ እኛን ሁሉ ከለከለች። አንቺን ላከች?»

«ምን ከለከለች?»

ሳቃቸው ቆመ። አምና ሴቶቹ ለእንቁጣጣሽ ሊያጭዱ ገብተው ሳያዩ እንቁላሉን እንደረገጡ፣ አበበችም አንዷ እንደነበሩ፣ ዘንድሮ ጽጌ በየቤቱ ዞራ ሴቶቹን አንድ በአንድ እንደለመነች በአማርኛና በእጅ ነገሩኝ። «ቅር ብሎን ነበር፤ አውደ ዓመት ያለ ቄጠማ ምን ይሆናል? ግን እሺ አልናት» አሉኝ።

ለጽጌ እኔው ነገርኳት። አልተቆጣችም። መነጽሯን አንሥታ ወደ ኮረብታው ወጣች። በአንድ እግር ጫማ ተከተልኳት።

«ነዶውን ላንሣው?» አልኩ።

«አይሆንም። ሁለተኛ ከገባን አትመለስም።» ደግሞ፣ «ሴቶቹ ምን ይሉኛል እማዬ? ጓድ ወልዴስ?» አለችኝ።

ተቀመጥን። ተባዕቱ በላይ በላይ እየዞረ ይጮኻል። እንስቷ ከጨፌው ዳር ቆማ ቀረች። እንቁላሉ ይበርዳል፤ እኔ እናት ነኝ፣ ይህን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ድንግልን ለመንኳት፤ ብዙ ቃል አልነበረኝም። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ሽመላዋ አንድ እግሯን አነሣች፣ አቆመች፣ ሌላውን አነሣች። እንዲህ እያለች፣ እየቆመች፣ ጎጆዋ ደረሰች። ቁልቁል አየች። ተቀመጠች።

ጽጌ መነጽሩን ሰጠችኝና እጄን ያዘችኝ። አበበች ከኋላችን መጥተው ኖሯል። «እኛም አምና ብንጠብቅ ትመለስ ነበር ይሆን?» አሉ።

ማምሻውን ዝናብ ጀመረ። ሌሊቱን ሙሉ አላባራም። ጽጌ፣ «ጨፌው ይሞላል። ጎጆዋ ዝቅተኛ ነው» አለችኝ። እንቅልፍ አልወሰደንም፤ ባናውን ለሁለት ለበስነው።

መስከረም 1

ሲነጋ ዝናቡ አቁሞ ነበር። ቡና ሳንቀምስ ወጣን። ጨፌው ሐይቅ ሆኗል፤ ትናንት የቆምኩበት ቦታ አይታይም። ጽጌ መነጽሩን ዓይኗ ላይ አድርጋ ቆየች። ልጠይቃት ፈራሁ።

«እማዬ» አለች። «ቄጠማሽን እየወሰደችው ነው።»

መነጽሩን ተቀበልኳት። ነዶዎቼ ተንሳፍፈው ከጎጆው ጥግ ደርሰዋል። ማሰሪያቸው ተፈትቷል። ሽመላዋ ቆማ አንድ አንድ ዘለላ በአፏ እያነሣች ከሥሯ ታነጥፋለች፣ በእግሯ ትረግጣለች፣ ደግሞ ታነሣለች። ጎጆው ከውሃው በላይ ከፍ ብሏል። እንቁላሎቹ ከላይ ናቸው።

ጽጌ፣ «ውሃ ሲመጣ ይጨምራሉ፤ ግን ቆርጠው እስኪያመጡ ውሃው ይቀድማቸዋል። ይሄ የታጨደ ነው» አለችኝ። ከዚያ ትናንት ያልሳቀችውን ሁሉ ሳቀች።

ለልጄ ቤት ያጨድኩትን እግዚአብሔር ለሌላ እናት ቤት ሰጠው። እኔ በጥፋቴ፣ እሱ በቸርነቱ።

የልጄ ወለል ላይ አበበችና ጎረቤቶቻቸው የእንሰት ቅጠል ሰንጥቀው አነጠፉ። ሰፊ ነው፣ ይቀዘቅዛል፣ ሽታው ሌላ ነው። ልጃገረዶች አደይ ይዘው መጥተው ዘፈኑ። ሴቶቹ የአንድ እግሬን ጫማ ነገር ሰምተዋል፤ አንዷ ገብታ፣ «ቄጠማ አጫጇ የትኛዋ ናት?» አለች። እግሬን አሳየኋት። በሶ በማር በጠበጥኩላቸው፤ እስኪያልቅ ጠጡ። ሴቶቹ በልጄ ላይ የያዙት ቅሬታ በዚያ ቀን አለቀ።

መስከረም 4

ጽጌ ጎሕ ሲቀድ ጓድ ወልዴን አስጠራቻቸው። ከኮረብታው ተቀምጠው መነጽሩን ያዙ።

«ምንም አላይም።»

«ክንፏን እስክታነሣ ይጠብቁ፤ ከሥር ነው።»

ብዙ ቆዩ። ሽመላዋ ተነሣች። ከእግሮቿ መካከል ቢጫ ቡናማ የሆነች፣ በእግሯ ገና የምትንገዳገድ ጫጩት ወጣች። ሌላዋ ራሷን ብቻ ብቅ አድርጋ መልሳ ገባች።

ጓድ ወልዴ መነጽሩን አላወረዱም። «ሁለት ናቸው» አሉ።

«ሁለት ናቸው» አለች ጽጌ።

«ቃል ቃል ነው። ቦዩ ቀረ።» ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጅዎ ሁለት ዓመት በስብሰባ ተናግራ አላሸነፈችንም። እርስዎ በአንድ ማጭድ አሸነፉን።»

«እኔ አጠፋሁ እንጂ አላሸነፍኩም» አልኳቸው።

«እሱንም ሰምቻለሁ» ብለው ሳቁ። የመሬቱን ነገር ግን አልረሱትም፤ ለአዲሶቹ ጎጆ ወጪዎች ከኮረብታው ወዲያ ያለውን ጥሻ ለማየት ያንኑ ቀን ሄዱ።

መስከረም 7 እና ከዚያ ወዲያ

ስመለስ አበበች ማር በቅል፣ ኮረሪማ በክር ሰክተው ሰጡኝ። ጫማ የለኝምና የራሳቸውን አደረጉልኝ፤ አልቀበልም ብል አለቀሱ። ባናውን ለጽጌ ተውኩላት። ሚዛን ላይ ወይዘሮ ዘይነባ ሳፋውን አሳይተው፣ «ውሃው ሠራ?» አሉኝ። ሠርቷል አልኳቸው። መምህር ታደሰ ቅቤ እንዳልያዝኩ ካረጋገጡ በኋላ አውቶቡሱ ላይ አሳፈሩኝ።

ለመስቀል ቤቴ ነበርኩ። ጎረቤት ቄጠማ ይዛልኝ መጣች፤ ከየት እንደታጨደ ጠየቅኋት። አላወቀችም። ማንንም ቄጠማ አታንጥፉ አልልም፤ አባቶቻችን ያቆዩን ነው። ግን በመስከረም ከሥሩ ማን እንደተኛች ሳላውቅ እኔ ልረግጠው አልቻልኩም። እትዬ የሺ፣ የጠየቁኝ ይህ ነው።

ይህን ስጽፍ ኅዳር ተጋመሰ፤ ከጽጌም ደብዳቤ መጣልኝ። እንዲህ ትላለች፦ «እማዬ፣ ጫጩቶቹ አንገታቸው ረዝሟል፤ ክንፋቸውን እያራገቡ ይሮጣሉ። ውሃው ሲጎድል ጫማሽን አገኘነው። ጓድ ወልዴ ከጨፌው ዳር እንጨት ተክለው ሰቅለውታል። ለኅዳር ሚካኤል ቄጠማ የሚያጭዱ ሴቶች እዚያ ደርሰው ይመለሳሉ። ‹ከጽጌ እናት ጫማ ወዲያ አይታጨድም› ይባላል።»

ሌላውን እግር አልጣልኩትም ነበር። ዛሬ አጥቤው ለጽጌ ከምልከው በሶ ጋር ቋጠርኩት። ጨፌው ሌላም ዳር አለው።